ዳኘና የኳሱ ቅርጫ

ዳኘ ያን ዕለት ጠዋት በወፍጮ ቤቱ ጓሮ በኩል ያለፈው ጭቃ ሸሽቶ ነው። መስከረም ቢገባም ዝናቡ ገና አላቆመም፤ ከሌሞ የሚመጡት ጋሪዎች ሲመላለሱበት የሰነበተው የሆሳዕና ዋና መንገድ እንደ ገንፎ ላቁጧል። ዳኘ በትከሻው ለኮርቻ የሚሆን ቆዳ ተሸክሟል፤ በከንፈሩ የጠዋት ጸሎቱን ገና አልጨረሰም። ከግድግዳው ወዲያ የልጆች ድምፅ ሲሰማ ጸሎቱን አቋርጦ ቆመ።

«ዓይንህን አትጨፍን አልኩህ!»

«አልጨፈንኩም።»

«ጨፍነሃል! ኳስ እኮ አትናከስም። በል እንደገና።»

ዳኘ አንገቱን አስግጎ አየ። ተናጋሪው ማቴዎስ ነበር፤ ባለፈው እሁድ ዕጣውን መሬት ላይ ወርውሮ «ቡድናችሁ በአፍንጫዬ ይውጣ!» ብሎ እየተንሰቀሰቀ የሄደው ማቴዎስ። ከፊቱ የቆመው ደግሞ ቸኮል ነው፤ ከቡድኑ ልጆች ሁሉ በሩጫ መጨረሻ የሚወጣው። ማቴዎስ ከእንሰት ቃጫ የተጠቀለለች ኳስ ቀስ አድርጎ ይወረውርለታል። ቸኮል እጁን ይዘረጋል። ኳሷ በእጆቹ መሀል አልፋ አፍንጫው ላይ ታርፋለች። ደም ጠብ ሲል ማቴዎስ ሮጦ ሄዶ በገዛ ሸሚዙ ጫፍ ጠረገለት።

«ለማንም አልናገርም» አለው። «አንተም እኔ እንዳስተማርኩህ እንዳትናገር። እኔ እኮ ገና እንደተቆጣሁ ነኝ።»

ዳኘ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ወደ ኋላው ተመለሰና ሲሸሸው የነበረው ጭቃ ውስጥ ገባ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲሰምጥ እንኳ አልታወቀውም። ያን ጠዋት ወደ ነጋዴው ከድር ሱቅ ይሄድ የነበረው የእነዚህን የሁለቱን ልጆች ቦታ ለመለዋወጥ መወሰኑን ሊናገር ነበርና።

ይህ የሆነው በሺ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ሊውል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዳኘ አርባን የተሻገረ ኮርቻ ሰፊ ነው። ከሌሞ እስከ ጊምቢቹ ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ስፌቱን ያውቀዋል። በሰፈሩ ያስከበረው ግን ኮርቻው ብቻ አይደለም። ለመስቀል በሬ ሲታረድ ቅርጫውን የሚመድበው እሱ ነው፤ እሱ እያለ ሌላ ሰው ቢላዋ አያነሳም። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም እየቆረሰ በኮባ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ያደርገዋል። ሀብታም ነው ተብሎ ሻኛ ብቻ የሚወስድ፣ ድሃ ነው ተብሎ ጨጓራ ብቻ የሚደርሰው የለም። መደቡ ሲያልቅ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ምልክት ያመጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የበቆሎ ፍሬ። ምልክቶቹ ተቀላቅለው የማን እንደሆኑ በማያውቅ ሰው እጅ በየመደቡ ላይ ይጣላሉ። ዕጣህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው።

ኳስን ያወቀው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በጉርምስናው ኮርቻ ስፌት ሊማር ሄዶ ሳለ ከሥራ መልስ ወደ ሜዳ ይሮጣል፤ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ የወጣችውን ኳስ ያቀብላል። እንዲህ እያቀበለ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በረኛው ታመመና «አንተ ኳስ አቀባይ፣ ና ግባ!» ተባለ። ገባ። አምስት ጎል ተቆጠረበት። ዳግመኛ የጠራው የለም፤ ተመልሶ ከጎሉ ጀርባ ቆመ። ሙያውን ጨርሶ ወደ ሆሳዕና ሲመለስ ከወስፌውና ከመዶሻው ጋር አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ያን ቀን አምስት የገባብኝ ስለማልችል ነው ወይስ ማንም ስላላስተማረኝ?

በተመለሰ በመጀመሪያው መስቀል ቅርጫ ሲመድብ የበሬውን ፊኛ ማንም እንደማይፈልገው አየ። አንሥቶ ነፋው፤ አደረቀው፤ ከኮርቻ በተረፈ ቆዳ ዙሪያውን ሰፋበት። በማግሥቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በራፉ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ ሰዎች ሳይጠየቁ ፊኛውን ለዳኘ ይልኩለታል፤ እሱም አመስግኖ ተቀብሎ ኳስ ያደርገዋል። ልጆቹ በዙ፤ ቡድን ሆኑ። ማን የት ይጫወት የሚለው ጠብ ሲነሣ ዳኘ ብዙ አልተጨነቀም። የሚያውቀውን አደረገ፤ ኳሱን እንደ ቅርጫ መደበው።

ልጆቹ ራሳቸው ለየቦታው ስም አወጡ። በረኛነት ጨጓራ ነው፤ ልፋቱ ብዙ፣ የሚወደው ጥቂት። ተከላካይ ጎድን፣ መሀል ሜዳ ጉበት። ከፊት ሆኖ ጎል ማግባት ሻኛ ነው። ተቀምጦ ተራ መጠበቅ አጥንት ይባላል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ አጥንት የደረሰው በሁለተኛው የግድ ይገባል። እያንዳንዱ ልጅ ምልክቱን ይሰጣል፤ ዳኘ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ በየመደቡ ላይ ይጥላል። ዛሬ ሻኛ የበላ ልጅ በሚቀጥለው ጨጓራ ሊደርሰው ይችላል። ሌሎች ቡድኖች ይስቁባቸዋል። «ቅርጫዎች መጡ! ቢላዋችሁን ይዛችኋል?» እያሉ ከሜዳው ዳር ይጮኻሉ። ዳኘም አብሮ ይስቃል።

በዚያ ዓመት ግን ሳቁ ቀነሰ። በመስቀል ማግሥት የዱራሜ ልጆች ሆሳዕና መጥተው ሊጫወቱ ነው። ነጋዴው ከድር ለአሸናፊው ከአዲስ አበባ እውነተኛ የቆዳ ኳስ አስመጥቶ በሱቁ ጣሪያ ላይ አንጠልጥሏታል። ልጆች ስኳር ተልከው እየሄዱ ስኳሩን ረስተው ኳሷን አይተው ይመለሳሉ። ዳኘ ራሱ አንድ ሁለት ጊዜ ክር ልገዛ ብሎ ገብቶ ክር ሳይገዛ ወጥቷል።

ለዚህ ጨዋታ ዕጣው የተጣለው አስቀድሞ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ቦታውን አውቆ እንዲዘጋጅ። በመጀመሪያው አጋማሽ ጨጓራው ለቸኮል ደረሰ። ከአውራ ጎዳና እስከ ገበያ ማንም የማይቀድመው ማቴዎስ ደግሞ ጎድን ወጣለት። ከተማው ጮኸ። ዳኘም የሰዉን ጩኸት ሲሰማ ሰንብቶ በመጨረሻ ልቡ ራደ፤ ሊለዋውጣቸው ወሰነ። ያን ጠዋት በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ባያልፍ ኖሮ ነገሩ በዚያው አልቆ ነበር።

እግሩ በጭቃ እንደተለወሰ ከድር ሱቅ ሲደርስ ከድር ከመደርደሪያው ጀርባ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። አቶ ሰይፈሥላሴ በከተማው የታወቁ የኳስ ወዳጅ ናቸው። አዲስ አበባ እየሄዱ ትልልቅ ጨዋታ አይተዋል፤ ያዩትን ሲተርኩ ከወንበራቸው ተነሥተው ይራገጣሉ።

«እህ፣ ወሰንክ?» አለው ከድር።

«ወስኜ ነበር። አሁን ተውኩት።»

«ምን ነካህ?»

«ጭቃ ውስጥ ገባሁ።»

ከድር እግሩን አይቶ ሳቀ። አቶ ሰይፈሥላሴ ግን አልሳቁም። «አቶ ዳኘ፣ ቀልዱን ይተዉት። አምና አራት ለባዶ ቀጥተውናል። የእነሱ አሰልጣኝ ግዙፍ ግዙፉን እየመረጠ ያሰልፋል። እርስዎ ደግሞ ዓይኑን የሚጨፍን በረኛ ያቆማሉ። ይህ ለልጆቹስ ደግ ነው? ሁልጊዜ የሚሸነፍ ልጅ ኳስ ይጠላል። ሲያሸንፍ ነው ነገ ማለዳ ተነሥቶ የሚሮጠው።»

ነገሩ ውሸት አልነበረም። አምና አራቱ ጎል ሲገባ ዳኘ ራሱ እህል አልወርድ ብሎት ነበር የዋለው።

«እውነትዎን ነው» አለ ቆዳውን ከትከሻው እያወረደ። «ማሸነፍ እኔም እወዳለሁ። እንዲያውም ሳይበዛብኝ አልቀረም። ግን ዛሬ ቸኮልን ካወጣሁት መቼ ነው ዓይኑን የሚገልጠው?»

«በሌላ ጨዋታ!»

«እኔንም እንደዚያ ብለውኝ ነበር።»

ከድር ሁለቱንም አያቸው። የዳኘ ያረጀ ወዳጅ ነው፤ ግን የዱራሜ ነጋዴዎች አምና ያላገጡበትንም አልረሳውም። «ስማ ዳኘ» አለ። «ዕጣህን ያዝ፤ አልከለክልህም። ከተሸነፍን ግን ቡድኑን ለአቶ ሰይፈሥላሴ ትለቃለህ። ይስማማሃል?»

«እኔ ከያዝኩት አሥራ አንድ ልጅ እመርጣለሁ» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። «የተቀሩት ያጨብጭቡ።»

የዳኘ ልጆች አሥራ ስድስት ናቸው። አምስቱ ከጎሉ ጀርባ ቆመው ኳስ ሲያቀብሉ ታዩት፤ መጀመሪያ ላይ ቸኮል። ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለችውን ኳስ አየ። «እሺ» አለ።

የዱራሜ ልጆች በመስቀል ዕለት ከሰዓት በኋላ በከድር መኪና እየዘፈኑ ገቡ። እንግዳ ናቸውና በየቤቱ ተከፋፍለው አደሩ። ለዳኘ ቤት የደረሰው አለቃቸው ኤርሲዶ ነው፤ ቁመቱ ከዳኘ የሚስተካከል፣ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጥቁር ላባ የመሰለ ነገር ያቆጠቆጠ ልጅ። ትርፊት፣ የዳኘ ሚስት፣ በቅቤ፣ በወተትና በቡላ የተሠራ አታካና አቀረበችለት። ልጁ አፍሮ ጥቂት ቀምሶ እጁን ሰበሰበ።

«ብላ እንጂ ልጄ፣ መስቀል አይደለም እንዴ!»

«አብዝተሽ ጨምሪለት» አለ ዳኘ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ነገ ከብዶት መሮጥ ያቅተዋል።»

«አንተ ሰውዬ፣ በእንግዳ ላይ! ኃጢአት አትናገር!» ብላ በማንኪያው እጁን መታችው፤ ለልጁ ግን ጨመረችለት። ኤርሲዶም ደስ ብሎት በላ። ሲጨርስ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ዳኘ በቀልዱ አፈረ፤ ልጁ ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ አየ።

በማግሥቱ ሜዳው ዙሪያ እግር ማሳረፊያ አልነበረም። ገበያተኛው ገበያውን ትቶ መጣ። ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ፈትተው ጋሪያቸው ላይ ቆሙ። ሴቶቹ የመስቀል ቀሚሳቸውን ለብሰው ዕልል ይላሉ፤ ጎል ገና አልገባም። ሜዳው በአንድ በኩል ሣር፣ በሌላው በኩል ጭቃ ነው፤ ከአንደኛው ጎል ፊት ዝናብ ያቆረው ውሃ ተኝቷል። የምትጫወተው ኳስ ዳኘ አዲስ የሰፋት ናት፤ ውስጧ ያለው ፊኛ ከትናንት በስቲያ ከታረደው በሬ የወጣ ነው። የከድር ኳስ በመረብ ተይዛ ሱቁን ትታ መጥታ በከድር ጉልበት ላይ ተቀምጣለች።

የዳኘ ልጆች ሲገቡ የዱራሜ ደጋፊዎች ጀመሩ። «ቅርጫዎች! ጨጓራውን ለማን ሰጣችሁ?»

«ይሄ በረኛ ነው ወይስ የበረኛው ታናሽ?»

የሆሳዕናም አላረፈም። «እናንተስ ይሄን ባለጢም ከየት አመጣችሁት? ልጅ ነው ወይስ የልጅ አባት?»

ዳኛ የሆነው አስተማሪ ፊሽካውን ነፋ። ገና ሰዉ ተስተካክሎ ሳይቆም ኤርሲዶ ኳሷን ይዞ እንደ ጎርፍ መጣ። ማቴዎስ ከጎኑ ሮጠ፤ ተከላካይነት አልለመደምና ቸኩሎ እግሩን ሰደደ፤ ኤርሲዶ አለፈው። መታ። ቸኮል ጨፈነ። ጎል!

«ዓይንህን!» ሲል ጮኸ ማቴዎስ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ትንሽ ቆይቶ ኤርሲዶ ዳግም መጣ። ቸኮል አሁን አልጨፈነም። ዓይኑ እንደ ጽዋ ተከፍቷል። ኳሷ መጣች፣ መጣች፣ ፊቱ ላይ አረፈችና ተመልሳ ወጣች! ሰዉ በአንድ ድምፅ «ኡኡ!» አለ። ቸኮል ጭቃ ላይ ተንጋሎ ወደቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። ዳኘ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ። «አየሃት! አየሃት አይደል!» እያለ በጭቃው ላይ እንደ ልጅ ዘለለ፤ ባርኔጣው የት እንደወደቀ ትርፊት ናት በኋላ ፈልጋ ያገኘችው።

ግን ደስታው አልቆየም። ከዕረፍት በፊት የዱራሜ ሌላ ልጅ ከቅርብ መታና ሁለተኛው ገባ። ሁለት ለባዶ። አቶ ሰይፈሥላሴ በሜዳው ዳር ይንጎራደዳሉ።

በዕረፍቱ ልጆቹ ዳኘን ከበው ተቀመጡ። የሁለተኛው አጋማሽ ዕጣ በሜዳ ላይ፣ በሰው ፊት መጣል አለበት። ዳኘ መደቦቹን በሣር ላይ አሰመረ፤ ጨጓራ፣ ጎድን፣ ጉበት፣ ሻኛ፣ አጥንት። የልጆቹን ምልክቶች የያዘችውን የቆዳ ከረጢት አወጣ። ዓይኑን ጨፈነ፤ እጁን ሰደደ።

ያን ጊዜ ፈተናው መጣ። ጣቱ መጀመሪያ የነካው ቀዝቃዛ ነገር ነው። የልጓም ቀለበት። የማቴዎስ ምልክት፣ ከዳኘ ከራሱ ሱቅ ለምኖ የወሰደው። ከእሱ ቀጥሎ ለስላሳ ባቄላ፤ የቸኮል። ዕድሜውን ሙሉ ቆዳና መርፌ የዳበሰ ጣት ለማየት ዓይን አያስፈልገውም። እስከ ዛሬ ይህ ነገር ወደ ልቡ አልመጣም ነበር፤ በልምምድ ቀን ማን የት ቢሆን ምን ቸገረው? ዛሬ ግን ቀለበቱን ሻኛው ላይ፣ ባቄላውን አጥንቱ ላይ ቢያስቀምጥ ማን ያውቃል? ዓይኑ እኮ ተጨፍኗል። ሰዉ «ዕጣ ነው» ይላል። ቡድኑ ይድናል፤ አምስቱም ልጆች ይድናሉ። ለክፋት አይደለም። ቀለበቱ በጣቱ መሀል ሞቀ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይጣሉ፤ ፊሽካ ሊነፋ ነው!» አለው የመሀል ሜዳው ቃሲም።

ዳኘ ዓይኑን ገለጠ። ከፊቱ ቸኮል ያበጠ አፍንጫውን ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ያየዋል። ዳኘ እሳት እንደነካ ሰው እጁን መንጭቆ አወጣ። ዙሪያውን ተመለከተ።

«አቶ ሰይፈሥላሴ! ይምጡ እስቲ!»

«ምን ልሁን?»

«ይጣሉልን። የማን እንደሆነ አያውቁም። ፊትዎን አዙረው አንድ አንድ ብቻ ይጣሉ።»

«እኔ? ይህን ቅርጫ?» ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲበዛባቸው ከረጢቱን ነጠቁትና ፊታቸውን አዙረው አንድ በአንድ ጣሉ። ሲዞሩ ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው መሬቱን ያያሉ። ቀለበቱ ጨጓራው ላይ አርፏል። ባቄላው ሻኛው ላይ።

«ምን አደረግኩ? ምን አደረግኩ?» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

«ማቴዎስ በረኛ፣ ቸኮል አጥቂ» አለ ቃሲም።

አቶ ሰይፈሥላሴ ራሳቸውን ያዙ። «ልሰብስበውና እንደገና ልጣል!»

«አይሆንም» አለ ዳኘ። ገርሞት ልቡ ቀለለው። ጎንበስ ብሎ ቸኮልን በጆሮው እንዲህ አለው፦ «አንተ አትሩጥ። ሌሎቹ ይሩጡ። ኳሷን በዓይንህ ብቻ ተከተላት። አሁን ዓይን አለህ።» ማቴዎስን ደግሞ ትከሻውን ይዞ፣ «ከፊት ስትጫወት በረኛውን ምን ያስጨንቀው ነበር? አንተ ታውቀዋለህ። አሁን ያን አስታውስ።»

ማቴዎስ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ጎሉ ሄደ። ዕጣውን አልወረወረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሆሳዕና እስከ ዛሬ ያወራዋል። ኤርሲዶ መጣ፤ ማቴዎስ እንደ ድመት ተወርውሮ ያዘ። እንደገና መጣ፤ ማቴዎስ ከጎሉ ወጥቶ ከእግሩ ሥር ነጠቀው። አጥቂ የነበረ ልጅ አጥቂ የሚያስበውን አስቀድሞ ያውቃል። ባለጋሪዎቹ ጋሪያቸውን በጡጫ ይደበድባሉ። ቃሲም ከመሀል ሜዳ ኳሷን ይዞ ሁለቱን አለፈ፣ ሦስተኛውን አለፈ፣ ጎል! ሁለት ለአንድ። አቶ ሰይፈሥላሴ ኮታቸውን አውልቀው እንደ ባንዲራ ያውለበልባሉ። «ጉበቱ አገባ! ጉበቱ አገባ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ የልጆቹ ቃል አፋቸው ውስጥ መግባቱን እንኳ አላወቁም።

ጊዜው እያለቀ ነው። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ማቴዎስ ኳሷን ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ፊት ለጋት። ኳሷ በሁሉም ራስ ላይ አልፋ ሄደች። የዱራሜ ተከላካዮች ወዴት እንደምትነጥር አውቀው ወደ ኋላ ሮጡ፤ የሆሳዕናም አጥቂዎች ተከትለው ሮጡ። ኳሷ ግን አልነጠረችም። ከጎሉ ፊት ያቆረው ውሃ ውስጥ ወደቀችና ቦጭ ብላ ቁጭ አለች። ሯጮቹ ሁሉ አልፈዋት ሄዱ። ከኋላቸው፣ ሳይሮጥ፣ ዓይኑን ከኳሷ ላይ ሳይነቅል የመጣ አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

«ቸኮል!» ሲል ከተማው ሁሉ ጮኸ።

ቸኮል ውሃው ውስጥ ገባ፤ ኳሷን አየ፤ በረኛውን አየ፤ ኳሷን አየ፤ መታ። ጭቃና ውሃ ከኳሷ ጋር አብሮ ተረጨ። በረኛው ፊቱን ሸፈነ። ጎል! ሁለት ለሁለት! ዕልልታው እስከ ገበያ ተሰማ። ማቴዎስ ጎሉን ባዶ ትቶ ሜዳውን ሁሉ አቋርጦ ሮጦ መጣና ቸኮልን ተሸከመው። «አላስተማርኩህም? አላስተማርኩህም?» እያለ ያለቅሳል። ነገሩ ለማንም አልገባም፤ ለዳኘ ብቻ ገባው።

ፊሽካው ተነፋ። እኩል። ወዲያው ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ለእኩል ማንም አልተዘጋጀም። ኳሷ ለማን ትሰጥ? ሰዉ ሁሉ ወደ ዳኘ ዞረ፤ መመደብ የሚያውቅ እሱ ነዋ።

«ኳስ እንደ በሬ አትቆረጥም» አለ ዳኘ። «ግን ጊዜ ይቆረጣል። የዱራሜ ልጆች እንግዶቻችን ናቸው፤ እስከ ጥምቀት ይዘዋት ይሂዱ። በጥምቀት ማግሥት እኛ ዱራሜ እንሄዳለን፤ እዚያ ይለይለት።» ኤርሲዶ ኳሷን ተቀብሎ እንደ ሕፃን አቀፋት። ሲሄድ ከመኪናው ላይ ሆኖ ለትርፊት እጁን አውለበለበላት።

ከድርም ቃሉን አራዘመ። «አልተሸነፍክም፤ ስለዚህ ቡድኑ ያንተ ነው። እስከ ጥምቀት ግን።» አቶ ሰይፈሥላሴም ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በየልምምዱ መምጣት ጀምረዋል። ኮታቸውን አውልቀው ለቸኮል ኳስ ይወረውራሉ። ጥሩ ነው፤ ዳኘም ደስ ብሎታል። ችግሩ አንድ ነው፤ በዕረፍት ጊዜ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ነገሩን የማይፈልጉ መስለው፣ «የአንተ ምልክት የትኛው ነበር ጎበዝ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ይህን የሚጽፈው ሰው ነገሩን ሁሉ ከዳኘ አፍ የሰማው ጥምቀት ሲቃረብ፣ ማኅደሩ የተቀደደ መዝሙረ ዳዊቱን ሊያሰፋ ሱቁ ሄዶ ነው። በጨዋታው ቀን እሱም ሜዳው ዳር ነበረ፤ ግን ጥላ ሥር ተቀምጦ ያነብ ነበርና ዕልልታው ሲነሣ ብቻ ቀና ይል ነበር። ሲያበቃም «ማን አሸነፈ?» ብሎ ጠይቆ ተስቆበታል። ዳኘ እየሰፋ እየተረከ፣ ወደ ቀለበቱ ታሪክ ሲደርስ ወስፌውን አቆመ።

«ያን ቀን እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጄን ያዘኝ» አለ። «በጥምቀት እንደገና ይይዘኛል ብዬ ግን አልደፍርም። እኔ ጣቴ ያውቃል። አቶ ሰይፈሥላሴም አሁን ሁሉንም አጥንተውታል፤ ሰውየው እንደ እኔ ማሸነፍ ይወዳሉ። ከድርም ያው ነው።»

የመጨረሻዋን ስፌት ጠበቅ አድርጎ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ማኅደሩን በመዳፉ አሻሸና መጽሐፉን በሁለት እጁ ዘርግቶ ሰጠ። ሰጥቶ ግን ቶሎ አልለቀቀም።

«ወንድሜ፣ የነገርኩህን የሁለቱን ልጆች ምልክት አስለውጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንተ የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ከነገርኩህ በቀር ማን ጎበዝ ማን ደካማ እንደሆነም አታውቅም። ልነግርህም አልፈልግም። ዱራሜ አብረኸን ትሄድና ዕጣውን ትጥልልናለህ? መጽሐፍህን ይዘህ ና፤ ሌላውን ጊዜ ታነባለህ።»